ስህተት ቢኖርም ቀጥል

ሰኞ፣ 4

አሮጌው ደብተር አላለቀም፤ ግን ግማሹ የአስቤዛ ዝርዝር ሆኗል። ለዚህ ነገር ንጹሕ ገጽ ያስፈልገኛል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንዲት ፋርማሲስት ከልጆች ክሊኒክ ደወለች። መሥሪያ ቤታችን የሚሠራው ፕሮግራም የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ነው፤ የሕፃኑን ክብደት ያስገቡለታል፣ ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ እንደሚሰጠው ያወጣል። ባለፈው ዓርብ አዲስ እትም ልከንላቸዋል። አንዱ ሽሮፕ ብርታቱ እጥፍ ሆኖ ስለመጣ መጠኑ በግማሽ መቀነስ ነበረበት።

"አዲሱ ብላችሁ የላካችሁት የድሮውን ቁጥር ነው የሚያወጣው" አለችኝ። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ብልቃጡን አይቼ በእጄ ስላሰላሁ ነው የነቃሁት። ያላሰላ ሰው ቢሆንስ?"

ወዲያው ለሁሉም ክሊኒኮች "አትጠቀሙበት" የሚል መልእክት ተላከ። እስከ ማታ ድረስ አንድ በአንድ ደወልን። ማንም ልጅ አልተጎዳም። ማንም አልተጎዳም። ሁለቴ የጻፍኩት እንዳምነው ነው።

ማክሰኞ፣ 5

ቢልድ የምንለው ነገር አለ። ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ሁሉ ሰብስቦ፣ ሠርቶ፣ ለክሊኒኮቹ በሚላክ ጥቅል የሚያስቀምጥ ሥራ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ምሳ ሲወጣ፣ ጥግ ባለው ክፍል ያለው ኮምፒውተር ብቻውን ይሠራዋል። የሚሠራውን የሚያዘው ስክሪፕት በእኔ እጅ ነው። መጀመሪያ የትናንቱን ፎልደር ጠርጎ ባዶ ያደርጋል፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ይሠራል፣ ከዚያ የመጠን ሠንጠረዡን ይገለብጣል፣ ከዚያ ይጠቀልላል።

ዛሬ ሦስት ጊዜ አስኬድኩት። ሦስቱንም ጊዜ አዲሱ ሠንጠረዥ ነው የገባው። እንግዳ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጥ ልጅ ጨዋ ሆኖብኛል።

ከሰዓት ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁን "በአጭሩ" እንለዋለን፤ አንድም ዓረፍተ ነገር ያለዚህች ቃል አይጀምርም፣ አንዱም አጭር አይደለም። "በአጭሩ፣ ማነው የላከው?" አለ። የሁሉም ዓይን ወደ ጋሼ ፈራሚው ዞረ።

ጋሼ ፈራሚው ከመላኩ በፊት የቢልዱን መዝገብ፣ ኮምፒውተሩ የሠራውን ሁሉ መስመር በመስመር የሚጽፍበትን፣ አንብበው በወረቀት ላይ የሚፈርሙት ሰው ናቸው። ድሮ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ዛሬም መዝገቡን የሚያነቡት የእንጨት ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ አስደግፈው፣ መስመር በመስመር ወደ ታች እያወረዱ ነው። ወጣቶቹ ይስቁባቸዋል። በዓርቡ ወረቀት ላይ "ፎልደሩ ተጠርጓል" የሚለው ሣጥን ውስጥ የእሳቸው ምልክት አለ።

"ያየሁትን ነው የፈረምኩት" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ለምን ወደ እኔ እንዳዩ አልገባኝም።

በአጭሩ ቀን ቆረጠ። በ29 የክሊኒኮቹ ተወካዮች ይመጣሉ፤ ምን እንደተበላሸና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይነገራቸዋል። "ሳያይ የሚፈርም ሰው ከእኛ ጋር ሊቀጥል አይችልም" አለ፣ ሰውየው እዚያው ተቀምጠው።

ምክንያቱን ከ29 በፊት አገኘዋለሁ። ይሄን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ረቡዕ፣ 6

በጥድፊያ። የዓርቡን መዝገብ አነበብኩ። ሁሉም አረንጓዴ፣ ተሳክቷል ማለት ነው። በመሃል ግን በደቃቅ ግራጫ ፊደል፦ "አንድ ፋይል አልተሰረዘም፤ ታልፏል።" ፋይሉ የመጠን ሠንጠረዡ ነው።

ነገሩ ገባኝ። አሮጌው ሠንጠረዥ አልጠፋም አለ። ቀጥሎ የሚገለብጠው ትእዛዝ ደግሞ "ፋይሉ ካለ አትንካው" ይላል፤ ፎልደሩ ባዶ ነው ብሎ ስለሚያምን። ስለዚህ አሮጌው ቁጭ እንዳለ ተጠቀለለ። እስከዛሬ ያልታወቀው ሠንጠረዡ ተቀይሮ ስለማያውቅ ነው፤ አሮጌውም አዲሱም አንድ ነበር።

ስክሪፕቱን ከፈትኩ። በማጥፊያው ትእዛዝ ጫፍ ላይ ትንሽ ጭራ አለች፦ ስህተት ቢኖርም ቀጥል። ይቺ ባትኖር ቢልዱ ዓርብ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፣ ቀይ ሆኖ።

ማን መቼ እንደጻፋት ማየት ይቻላል። የለውጦቹ ታሪክ ውስጥ ቀኑም ስሙም አለ። ቀኑን አየሁት፦ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እማዬ ዓይኗን የተሠራችበት ሳምንት። ለስሙ ትንሽ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ስልክ ተደወለ፣ አልወረድኩም። ዋናው ነገር ፋይሉን የያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሐሙስ፣ 7

በአጭሩ ግራጫዋን መስመር ትልቅ አድርጎ አትሞ ለጋሼ ፈራሚው አሳያቸው።

"ይቺን አላዩዋትም?"

"አይቻታለሁ።"

"አይተው ፈረሙ?"

ማስመሪያቸውን በሁለት ጣት ያገላብጡ ጀመር። በአጭሩ ወጥቶ ሲሄድ "ግትር ሽማግሌ" ሲል ሰማሁት። እኔም በልቤ፣ ጋሼ፣ ምናለ አንድ ነገር ቢናገሩ አልኩ።

ስለዚች መስመር ጠይቀውኝ ያውቁ ይሆን? ብዙ ነገር ይጠይቁኛል። የጠየቁኝን ሁሉ እንዴት አስታውሳለሁ።

ዓርብ፣ 8

የስክሪፕቱን ቅጂ ሠራሁ፤ በዚያው በዋናው ፎልደር ላይ የሚሠራ፣ ግን ያለዚያች ጭራ። ፋይል አልጠፋም ካለ ይቆማል። አሁን ወጥመዱ ተዘርግቷል።

ስድስት ሰዓት። አረንጓዴ። ተናደድኩ። ሰው ሥራው ስለተሳካለት ሲናደድ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ 11

ያዝኩት። ከምሳ ስመለስ ቀይ። "ፋይሉን መሰረዝ አልተቻለም፤ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል።" ደስታዬ ሠርግ የተጠራሁ ነው የሚመስለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደገምኩት፣ አለፈ። የያዘው ለቅቆታል ማለት ነው። ማነው?

ማክሰኞ፣ 12

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቫይረስ መከላከያው። አዲስ ፋይል ባየ ቁጥር ከፍቶ ያሸተዋል። ቴክኒሻኑ ያንን ፎልደር እንዲተወው አደረገልኝ። "አንቺ ከጠየቅሽ ምክንያት አለሽ" አለኝ። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ሰሞኑን ያስጨንቁኛል።

ዛሬ አለፈ።

ረቡዕ፣ 13

ቀይ። መከላከያው አይደለም።

ሁለተኛ ተጠርጣሪ፦ ፎልደሩን በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ የሚረሳ ሰው። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ። ሁሉም ምሏል። ኮምፒውተሩ ላይ "ይህን ፎልደር አትክፈቱ" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፤ ከሰዓት አንዱ ከሥሩ "በሩንስ?" ብሎ ጽፎበታል።

ሐሙስ፣ 14

ዛሬ አለፈ። እንዲያም ሆኖ ስክሪፕቱ አልጠፋም ሲባል አሥር ሴኮንድ ጠብቆ እንደገና እንዲሞክር አደረግኩት፣ ሦስት ጊዜ። የያዘው ለአፍታ ብቻ ከሆነ ይለቃል። እልኸኛ ከሆነ አይለቅም፣ ያኔ እልኸኛ መሆኑን አውቃለሁ።

ደረጃው ላይ ሁለት የሽያጭ ሰዎች ከእኔ በታች እየወረዱ ነበር። አላዩኝም። "ሽማግሌው እኮ ሳያይ ነው የሚፈርመው፤ ማስመሪያው ለመታያ ነው" አለ አንዱ። ሌላው "ደግነቱ ስክሪፕቱ በእሷ እጅ ነው፣ እሷ አትሳሳትም" አለ። ተመልሼ ወደ ላይ ወጣሁ። ከላይ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። የውሃ ጠርሙሴን ሞልቼ ወረድኩ፤ ሙሉ ነበር።

ቅዳሜ፣ 16

እማዬ ዛሬ የጎረቤት ቀሚስ ስትተረትር ዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዓይኗ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ሰው እንዲያያት ትፈልጋለች። ቀሚሱን የሰፋው ሌላ ሰው ነው። ገበሩን ገልጣ አሳየችኝ፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥር የተጠማዘዘ ስፌት።

"ሲጣመምበት ተርትሮ እንደገና መስፋት ነበረበት" አለች። "ገበር አለበሰውና ተገላገለ። ሰውየው ልብስ አላበላሸም፣ ጊዜ ነው ያበላሸው። የእኔን ጊዜ።"

"ቸኩሎ ይሆናል" አልኳት።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እዚህ ግን የቸኮለው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ።"

መቀስዋን ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለ ቀሚሱ ነው የምታወራው። ስለ ቀሚሱ ብቻ።

ማክሰኞ፣ 19

ቀይ። ሦስቱም ሙከራ ወድቋል። እልኸኛ ነው።

በወረቀት ጻፍኩት። ቀይ፦ ሰኞ 11፣ ረቡዕ 13፣ ማክሰኞ 19። ያ የመጀመሪያው ዓርብም አለ። ሌሎቹ አረንጓዴ። የዝናብ ቀን? አይደለም። መብራት የጠፋበት ቀን? አይደለም። ምን ያገናኛቸዋል? ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ አውጥቼ ሳየው ጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ የሎተሪ ቁጥር መስሏት አብራኝ አየች።

አሥር ቀን ቀረ። በአጭሩ ለጋሼ ፈራሚው ቦታ የሚተካ ሰው ማነጋገር ጀምሯል ይባላል።

ሐሙስ፣ 21

ተገኘ።

ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ጥግ ክፍሉ በኮሪደሩ እየሮጥኩ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ከጠረጴዛዋ ሆና "ኧረ ቀስ በይ፣ ዛሬ እንግዳ አለ፤ ማሳያውንም አብርቻለሁ" አለችኝ።

ቆምኩ። "የቱን ማሳያ?"

"ያንን ትልቁን። እንግዳ ሲመጣ ፕሮግራማችሁን የሚያዩበትን።" ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን በአገጭዋ አመለከተችኝ። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ ከጌጥ ቆጥሬው ነው። "ሁልጊዜ የዛሬውን ነው የሚያሳየው፣ ቀጥታ ከእናንተ ፎልደር ነው የሚከፍተው። ሲያስገቡት ነግረውናል እኮ።"

የእንግዶች መዝገብዋን ለመንኳት። ጣቴን አስኬድኩ። ዓርብ ያ፣ እንግዳ። ሰኞ 11፣ እንግዳ። ረቡዕ 13፣ እንግዳ። ማክሰኞ 19፣ እንግዳ። በሌሎቹ ቀናት ስድስት ሰዓት ላይ ማንም የለም።

ኮምፒውተሩ ጋ ደርሼ ፋይሉን የያዘው ማን እንደሆነ የሚዘረዝረውን መሣሪያ ከፈትኩ። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ነው። ማሳያው ሲበራ ፕሮግራሙ ከፎልደራችን ይከፈታል፣ ሠንጠረዡን ያነባል፣ እስኪጠፋም አይለቅም። ከፍቶ የሚረሳ ሰው ፍለጋ ስዞር ግድግዳውን አልጠየቅሁትም።

እንግዳ ተቀባይዋን ጉንጭዋን ሳምኳት። "ምን አደረግኩ?" አለች። ምንም አላጠፋሽም አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ማሳያው መቼ እንደተተከለ ጠየቅሁ። ከሦስት ዓመት በፊት።

ዓርብ፣ 22

ማሳያው ከዛሬ ጀምሮ ከራሱ ቅጂ ይከፍታል። ጭራዋን ከዋናው ስክሪፕት ቆረጥኳት። የሚገለብጠውም ትእዛዝ ፋይል ካገኘ እንዲቆም አደረግኩ። ማሳያው በርቶም ጠፍቶም ሞከርኩ፤ አረንጓዴ፣ ትክክለኛው ሠንጠረዥ።

ለበአጭሩ ነገርኩት። ደስ አለው። "በአጭሩ፣ ከአዲሱ ወር ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ፤ አስቤበታለሁ" አለኝ። ከዚያ ጠየቀ፦ "ያቺን 'ቀጥል' የምትለዋን ማን ነው የጻፋት?"

"የቆየች መስመር ናት" አልኩ።

"ያ ሥራ የለቀቀው ፕሮግራመር ይሆናላ" አለ።

አላልኩም። አይደለምም አላልኩም።

"የሆነው ሆኖ" አለ፣ "ሽማግሌው ግራጫዋን አይቼ ነው የፈረምኩት ብሏል። እሱ አይለወጥም።"

ይሄ ነው ያልጠበቅሁት። ምክንያቱ ሲገኝ ሰውየው ይድናሉ ብዬ ነበር የሮጥኩት። ይመስለኛል። የሮጥኩት ለዚህ ነበር።

እሑድ፣ 24

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። እማዬ ጋ ሶፋው ላይ ተቀምጠን ልብስ እያጣጠፍን ነበር። እንደዋዛ ጠየቅኳት፦ "ዓይንሽን የተሠራሽ ቀን እኔ ስንት ሰዓት ላይ ነው የመጣሁት?"

"ስድስት ተኩል" አለች ሳታስብ። "ሰባት ሰዓት ላይ ሊያስገቡኝ ነበር። ሳላይሽ እንዳልገባ ብዬ ነርሷን ስጨቀጭቃት ነበር። ላብ በላብ ሆነሽ መጣሽ። ሥራሽን በኔ ምክንያት ጥለሽ መጣሽ ብዬ ቅር አለኝና 'ጨርሰሽ ነው?' አልኩሽ።"

"ምን አልኩሽ?"

"'ጨርሼ ነው፣ እማዬ' አልሽኝ።"

አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን ነበር። የእኔ ጫፍ ወደቀ። አነሳሁት።

አሁን ክፍሌ ሆኜ ይሄን ስጽፍ ያ ቀን ወለል ብሎ ይታየኛል። ስድስት ሰዓት፣ ቢልዱ ቀይ፣ "ፋይሉን መሰረዝ አልተቻለም"። በማግስቱ የሚላክ እትም ነበር። ስልኬ ላይ የነርሷ መልእክት። ምክንያቱን መፈለግ ሰዓት ይፈልጋል፤ ጭራ መጨመር ግማሽ ደቂቃ። ነገ ተመልሼ አየዋለሁ ያለ ሰው ነበር። ያ ሰው ነገ አልተመለሰም፤ እማዬ ደህና ሆነች፣ ቢልዱም አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴ ነገር ማን ይመለከታል?

"ያ ሰው" እያልኩ ነው የምጽፈው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰኞ፣ 25

ለጋሼ ፈራሚው ልነግራቸው ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ። መሳቢያቸውን እየለዩ ነበር። ማስመሪያዋ፣ መነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ በላስቲክ የታሠሩ ኪስ የሚገቡ ደብተሮች፤ አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ያስገባሉ።

"ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?"

"ምንም። ምክንያቱ ተገኘ፣ ልነግርዎት ነው።"

"ሰማሁ። ጎበዝ። ግድግዳው ነው አሉ።" ሳቁ። ከዚያ ማስመሪያዋን ከካርቶኑ መልሰው አውጥተው አቀበሉኝ። "የሚተካኝ ሰው ይቺን ልመድ በይው። ዓይን ብቻውን መስመር ይዘላል።"

ተቀበልኳቸው። አመሰግናለሁ ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ። ማስመሪያዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ በተነሳሁ በተቀመጥኩ ቁጥር ታየኛለች።

ረቡዕ፣ 27

የለውጡን ታሪክ ከፈትኩ። ወደ ታች ወረድኩ። ስሜ ነው። አስተያየት በሚጻፍበት ቦታ "ለጊዜው" ይላል።

አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ አውቅ ነበር። ይሄን ደብተር ለማንም አላሳይም፤ ግን ለራሴም መዋሸት ከጀመርኩ ደብተር መግዛቴ ለምንድነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ስቄ አውቃለሁ። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ማንንም ሳይከሱ፣ ዝም ብቻ ብለው።

ነገ ለበአጭሩ እነግረዋለሁ። ከነገ አያልፍም።

ሐሙስ፣ 28

ነገርኩት። በሩን ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ነበር።

"ለማንም ነግረሻል?"

"አልነገርኩም።"

"አትንገሪ። ክሊኒኮቹ ስክሪፕቱን የያዘችው ራሷ ነች ያበላሸችው ሲሉ በምን ያምኑናል? ሽማግሌው በደህና ይሸኛል፤ የምስክር ወረቀትም እጽፍለታለሁ። አንቺ ኃላፊ ትሆኛለሽ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳይደገም ታደርጊያለሽ። በአጭሩ፣ ለሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው።"

"ለጋሼስ?"

"እሱ ራሱ ምንም አልተናገረም እኮ።"

ማታ እማዬ ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሆስፒታሉንም ጨምሬ። ታዝንብኛለች ብዬ ነበር፤ "በኔ ምክንያት ነው" ብላ ታለቅሳለች ብዬም ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

"ያን ቀን መምጣትሽ ጥፋት አይደለም" አለች። "በማግስቱ ገበሩን አለመግለጥሽ ነው። በይ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። የነገው ልብስሽ ይተኮሳል?"

ይተኮሳል አልኳት።

ዓርብ፣ 29

ተወካዮቹ ስድስት ነበሩ። የደወለችልኝ ፋርማሲስትም አለች፤ ከድምፅዋ ያነሰች፣ ቀጭን ሴት። ጋሼ ፈራሚው ጥግ ላይ፣ ኮታቸውን ቆልፈው። በአጭሩ ስክሪን ላይ ሁለት ነገር አሳየ፦ ማሳያው ፋይሉን እንደያዘ፣ ከዚያ ግራጫዋን መስመርና ፊርማውን። "ስለ ፊርማው የወሰድነው እርምጃ" ብሎ ሲጀምር ተነሳሁ።

የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበር። ጠፋብኝ። "ያቺን 'ቀጥል' የምትለውን ትእዛዝ የጻፍኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "የዛሬ ሦስት ዓመት። ቸኩዬ ነበር። እመለስባታለሁ ብዬ አልተመለስኩም። እሷ ባትኖር ቢልዱ ይቆም ነበር፣ ማንም የሚፈርመው ነገር አይኖርም ነበር። ይሄንንም ካወቅሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።"

በአጭሩ ወረቀቱን ያስተካክል ጀመር። የተስተካከለ ወረቀት ነበር።

ፋርማሲስቷ ብቻ ጠየቀች። "አሁን ትእዛዟ አለች?"

"የለችም።"

"ፋይል አልጠፋም ቢል ምን ይሆናል?"

"ይቆማል። እስክናውቅ ድረስ ምንም አይላክላችሁም።"

"ይቁም" አለች። "የዘገየ እንጠብቃለን። የተሳሳተ ነው የማንጠብቀው።" የሆነ ነገር ጻፈች። ተቀመጥኩ።

ከስብሰባው በኋላ ጋሼ ፈራሚው ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ከላስቲኩ ያወጡት አንድ ትንሽ ደብተር ይዘዋል። ገጹን ከፍተው ሰጡኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ እማዬ ዓይኗን በተሠራች በሦስተኛው ቀን። በአራሚ እጅ፣ ጥርት ባለ ጽሑፍ፦

"ግራጫ መስመር፦ አንድ ፋይል አልተሰረዘም። ጠየቅኳት። 'አያስቡ ጋሼ፣ እሷን ይለፏት፣ እኔ አውቃታለሁ' አለችኝ። እንግዲህ ስትመጣ አልፋታለሁ።"

ከዚያ በታች፣ እስከዚያች ዓርብ ድረስ፣ መስመሯ በታየች ቁጥር ቀኑ ተጽፏል። አንድም አልተዘለለም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አላፈርኩም። "ለምን አላሳዩዋቸውም?" አልኳቸው። "ይሄን ቢያሳዩ በዚያው ቀን ነፃ ይወጡ ነበር።"

"ማተሚያ ቤት አራሚ ስህተት ሲያገኝ" አሉ፣ "ምልክቱን በኅዳግ ላይ ያደርጋል እንጂ አያርመውም። የሚያርመው የጻፈው ሰው ነው። በዚያ ማክሰኞ አየሁሽ። ምልክት ማድረጌ ነበር።"

"ባላርመው ኖሮስ?"

ደብተሩን ከእጄ ወሰዱና ላስቲኩን መለሱበት። "እሱን ሳስብ ነው የሰነበትኩት" አሉ። "ከባድ ወር ነበር፣ ልጄ።"

ሰኞ፣ 2

አዲስ ወር። ደብዳቤ ደርሶኛል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ፋይሌ ውስጥ ይገባል። የኃላፊነቱ ነገር አልተነሳም፣ አይነሳምም። በአጭሩ "ደህና አደርሽ" ብቻ ይለኛል። ይሁን፤ የሚገባኝ ነው። ደረጃው ላይ የሽያጩ ሰው አየኝና ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የጋሼ ፈራሚው ካርቶን ከጠረጴዛቸው ላይ የለም። ደብተሮቹ መሳቢያ ውስጥ ተመልሰዋል። ማስመሪያቸውን ጠዋት ወስጄ አስቀመጥኩላቸው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበር። ጋሼ በሩን አንኳኩ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ ማስመሪያዋ በእጃቸው።

"ቆሟል" አሉ። "ቀይ ነው። አንድ ፋይል አልጠፋም ይላል፤ ሠንጠረዡ አይደለም፣ ሌላ ነው። ይቺ ምንድን ናት?"

ምሳዬ ተከፍቶ ነበር። ከአፌ ልትወጣ የደረሰችውን ቃል አውቃታለሁ። ዋጥኳት፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ከጎኔ ያለውን ወንበር ሳብኩላቸው።

"አላውቅም፣ ጋሼ" አልኩ። "ይቀመጡ፤ አብረን እንያት።"